ጣቶቼን ሰጥቻችኋለሁ፤ ማን እንዳየኝ ደግሞ እናንተ ንገሩኝ

ይድረስ ለብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም፤
ግልባጭ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የ67 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሬዲዮ ስፈታ ስገጥም ኖሬ፣ በኋላ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆንኩ። ዛሬም የሰፈሩ ሰው ስልኩ ሲበላሽበት፣ የይለፍ ቃሉ ሲጠፋበት፣ ቴሌብር እንቢ ሲለው የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ይህን የምነግራችሁ ቴክኖሎጂ የሚፈራ ሽማግሌ ነው የጻፈልን እንዳትሉ ነው። አልፈራም። እወደዋለሁ።

ፋይዳንም፣ አዲሱን ዲጂታል መታወቂያችሁን፣ ልቃወም አይደለም የጻፍኩት። ተመዝግቤያለሁ፣ ባለቤቴም ተመዝግባለች፣ ከሰፈራችን አዛውንቶችም ብዙዎቹን እጃቸውን ይዤ ወስጄ አስመዝግቤያለሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ግን አጥብቄ ነው የምጠይቀው። መረጃዬን ማን እንደከፈተው፣ መቼና ለምን እንደከፈተው፣ እኔ ባለቤቱ ማየት እፈልጋለሁ።

የተመዘገብኩ ቀን ጣቶቼ ቶሎ አልተነበቡም። ዕድሜ ልካቸውን ሽቦ ሲበይዱ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ መስመሩ ተፍቋል። መዝጋቢዋ ልጅ ሳትሰለች መስታወቱን ጠረገች፣ እጄን አስጠረገችኝ፣ በአራተኛው ያዘ። ከዚያ ወደ ዓይን ሄድን። «አባባ፣ ዓይንዎን አይጨፍኑ» አለችኝ። አሥር ጣት፣ ሁለት የዓይን ብሌን፣ አንድ ፊት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሥራዋን በደንብ ሠራች፣ አመሰገንኳት። ወደ ቤት ስመለስ ግን አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። የሰው የይለፍ ቃል ሲሰረቅ እኔ ጋ ይመጣል፤ በአምስት ደቂቃ ሌላ አወጣለታለሁ፣ አለቀ። አሻራው የተሰረቀበት ሰው ሲመጣ ምን ላደርግለት ነው? ሌላ ጣት የለውም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ወጣቱ ሠራተኛ ትሁት ነበር። የፋይዳዬን ፎቶ ኮፒ ተቀበለኝና «በቴሌግራምም ይላኩልኝ» አለኝ። ወደ ቢሮው አይደለም፣ ወደ ራሱ ስልክ። ቁጥሩን ሊያሳየኝ ስልኩን ሲያዞረው ምስሎቹን አየኋቸው። የሰው መታወቂያ በሰው መታወቂያ ላይ፣ ስንትና ስንት ፊት፣ በመካከሉ ደግሞ የራሱ የሠርግ ፎቶዎች። ልጁ ክፉ አይደለም። ሥራ ሊያቀልልን ብሎ ነው። ግን ያ ስልክ ነገ ታክሲ ውስጥ ቢወድቅስ? ለመርካቶ ነጋዴ ቢሸጥስ? እኔስ ያኔ ለማን ነው የምጮኸው? እናንተ ማዕከሉን የፈለጋችሁትን ያህል ብትጠብቁት፣ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ፎቶ ኮፒ እስከጠየቀ ድረስ የእኔ ነገር በየመሳቢያውና በየስልኩ ተበትኖ ነው የሚቀመጠው። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ ብዬ አምናለሁ። ቁጥሩን ጠይቆ በሲስተሙ ማረጋገጥ ከተቻለ ኮፒው ለምን ያስፈልጋል? ከልክሉት እንጂ። በግልጽ፣ በደብዳቤ፣ በየመስኮቱ ላይ በሚለጠፍ ማስታወቂያ ከልክሉት።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ሽማግሌ ነኝና ታገሡኝ።

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። የቀበሌያችን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ መዘገቡን። ስንት ሰው ትኖራላችሁ፣ ዕድሜያችሁ ስንት ነው፣ ማን ይሠራል፣ ማን ይማራል። እናቴ ደስ ብሏት ነበር የተመዘገበችው፤ ምክንያቱም በዚያ መዝገብ ነው ከኅብረት ሱቅ ስኳር የሚሰጠው። በ1969 አሰሳ መጣ፤ ደርግ ተቃዋሚዎቹን የሚያድንበት የቤት ለቤት ፍተሻ ነው። ያኔ የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፈታሾቹ በራችን ላይ ሲቆሙ አንደኛው በእጁ ወረቀት ይዞ ነበር፤ ስማችንን ከነዕድሜያችን በተራ ጠራን። የስኳሩ መዝገብ ነው። እናቴ ወዲያው ነው የገባት፤ ፊቷ ሲለዋወጥ ዛሬም ድረስ ይታየኛል። አባቴ ጸሐፊ ነበር፤ አንዲት የጽሕፈት መኪና ነበረችው። ያን ሰሞን የጽሕፈት መኪናና የወረቀት ማባዣ ቤቱ የተገኘበት ሰው በራሪ ወረቀት ይበትናል ተብሎ የሚጠረጠርበት ጊዜ ስለነበር፣ ከሁለት ቀን በፊት በላስቲክ ጠቅልሎ ጓሮ ቀብሯት ነበር። አላገኟትም። እኔም ተረፍኩ። ከኛ በታች ካለው ቤት የተጠራው ልጅ ግን አልተመለሰም፤ እኩያዬ ነበር፣ አንድ ላይ ነበር ሬዲዮ የምንፈታው።

ይህን ታሪክ የማነሣው እናንተን ከዚያ ዘመን ሰዎች ጋር ላመሳስላችሁ አይደለም፤ እንደዚያ ከተሰማችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማነሣው መዝገብ የተሠራበት ምክንያትና በኋላ የሚውልበት ሥራ አንድ ሆኖ እንደማይቀር በዓይኔ ስላየሁ ነው። ለስኳር ተብሎ የተጻፈ ስም ለአሰሳ ዋለ። ያን መዝገብ ማን እንዳወጣው፣ ማን እንደገለበጠው፣ በማን ትእዛዝ እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚነግረን ሰው የለም። ወረቀት ነዋ። ወረቀት ማን እንደገለጠው አይመዘግብም። ኮምፒውተር ግን ይመዘግባል! እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ እሱ ነው። በኛ ጊዜ ፈጽሞ የማይቻል የነበረ ነገር አሁን ይቻላል፤ መዝገቡን የነካው እጅ ሁሉ አሻራውን ትቶ እንዲሄድ ማድረግ።

ያመሰገንኩትም ነገር አለ። በድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር፤ በናንተ ምዝገባ ላይ የለም። ይህን የወሰነው ማንም ይሁን፣ እግዜር ይስጠው። በካርዱ ላይ የሚታተመው ባለ16 አሃዝ ቁጥር ከዋናው ባለ12 አሃዝ ቁጥር የተለየ መሆኑም አስተዋይ ሥራ ነው። ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የናንተው ነው። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ነው፤ ቁጥጥሩንም የሰጠው ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ለዚህ ነው ግልባጩን የላክሁት። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 አለ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ብሎ የጻፈው በ1987 ነው፤ ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ነው። ያን ጊዜ ኢሜይል የሚባለውን የምናውቀው ኢሲኤ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ግቢ ውስጥ ፓዲስ በሚባለው የመረጃ ክፍል በኩል ነበር፤ ደብዳቤው ተጠራቅሞ በስልክ መስመር ይላካል፣ መልሱ በማግስቱ ይመጣል። እኔም በወዳጅ በኩል አንድ ደብዳቤ ለወንድሜ ልኬ፣ መልሱ ሲመጣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሕጉ ከመሣሪያው ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ሕግ ካለ ምን አስጨነቀህ ትሉኝ ይሆናል። ያስጨነቀኝ ያሳለፍነው ነው። በ1994 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጅ በኢንተርኔት ድምፅ ማውራትን ይከለክል ነበር፤ እናት ባሕር ማዶ ካለ ልጇ ጋር በኮምፒውተር ብታወራ ሕግ ጣሰች ማለት ነው። በ1997 ከምርጫው በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ፤ የተመለሰልን በሚሊኒየሙ መባቻ ነው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልክም ባንክም ኢንተርኔትም ሲቋረጥ፣ እናቱ መቀሌ ያለች አንድ ወዳጄ ትኑር ትሙት ሳያውቅ ከዓመት በላይ ኖረ። የካቲት 2015 ላይ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ክረምት አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት አጣና ለወራት እንደዚያው ቆየ። በነዚህ ሁሉ ጊዜያት የዘጋው ማን ነው፣ በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ፣ ብሎ ፈርሞ ከፊታችን የቆመ ባለሥልጣን አላየሁም። ለመዝጋቱ ምክንያት ነበረ የሚል ሰው ይኖራል፤ ይሁን፤ ምክንያቱን ይዞ ይምጣና እንከራከር። ስም የሌለው ትእዛዝ ግን ክርክርም የለውም። ሰው በመንግሥት ላይ እምነት ያጣው ማብሪያ ማጥፊያውን የያዘውን እጅ አይቶት ስለማያውቅ ነው። ይኸው ሕዝብ ነው አሁን ጣቱንና ዓይኑን ይዞ እናንተ ጋ የተሰለፈው።

ሌላ አገር እንዴት ሆነ ብዬ አንብቤያለሁ። ሕንድ አድሃር የሚባል ባለ12 አሃዝ ቁጥር አላት። በ2012 እ.ኤ.አ. ኬ.ኤስ. ፑታስዋሚ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ ይህ ነገር የግል ሕይወትን ይነካል ብለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ። መንግሥት፣ የግል ሕይወት መብት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም ብሎ ተከራከረ። በ2017 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ዳኞች በአንድ ድምፅ አለ ብለው ወሰኑ። በማግስቱ ዓመት ቁጥሩ ለመንግሥት ድጎማ እንዲቀጥል ተፈቀደ፤ የግል ኩባንያዎች ግን ማስገደድ እንዳይችሉ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ናቸው ይህን ያስጀመሩት። እኛ ግን ክስ ሳያስፈልገን፣ አንቀጽ 26 በእጃችን አለ። ኢስቶኒያ የምትባል ትንሽ አገር ደግሞ ዜጋው በኮምፒውተሩ ገብቶ የትኛው መሥሪያ ቤት መረጃውን እንዳየው ያያል። ያለ ምክንያት ያየ ሠራተኛ ይጠየቃል። የምፈልገው ይህንን ነው።

አዲስ ነገር ፍጠሩም አላልኩም። የናንተ ሲስተም የቆመው ሞሲፕ በሚባል የመታወቂያ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ሕንድ፣ ባንጋሎር የተሠራ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነገር ነው። ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ባለቤቱ ቁጥሩ የት የት እንደተጠየቀ የሚያይበት፣ አሻራውንም ሲፈልግ ለጊዜው የሚቆልፍበት ክፍል ተሠርቶ እዚያው ተቀምጧል። እኔ የምለው፣ ይህ ነገር ዘመናዊ ስልክና ኢንተርኔት ላለው ብቻ አይሁን። ባንኩም፣ ቴሌውም፣ ቀበሌውም፣ ሌላውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃዬን በጠየቀ ቁጥር ለስልኬ አጭር መልእክት ይግባልኝ፤ ባለ በተኗ ስልክም ላይ፣ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሶማልኛም፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ። «ዛሬ በዚህ ሰዓት እገሌ የተባለ ድርጅት ስምዎንና ፎቶዎን አይቷል» ይበለኝ። አላውቀውም ካልኩ የምደውልበት ቁጥር ይኑር፣ ያ ስልክ ደግሞ ይነሣ።

ፖሊስና ደኅንነትስ? እዚህ ላይ ነው ሁሉም ዝም የሚለው። ወንጀለኛ የሚፈልግ ፖሊስ እየፈለግሁህ ነው ብሎ መልእክት ይላክ አልልም። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይክፈት፤ ትእዛዙ ከነቁጥሩ በሲስተሙ ውስጥ ይመዝገብ፤ ምርመራው ሲያልቅ ይነገረኝ። ያንን መዝገብ ደግሞ የናንተ ዳይሬክተርም ቢሆን፣ ሚኒስትርም ቢሆን መደምሰስ የማይችለው ይሁን። በቴክኒክ ይቻላል፤ የናንተ ልጆች ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ በየዓመቱ ስንት አቤቱታ እንደደረሰው፣ ስንቱን እንደመረመረ፣ ማንን እንደቀጣ ለሕዝብ ያውጣ። ቁጥሩ ትንሽም ቢሆን ያውጣው።

ፋይዳ ለባንክ ሒሳብ መክፈቻም ለሌላውም ግዴታ እየሆነ ነው። ግዴታ ከሆነ ዘንድ የእኔ ፈቃድ የሚባለው ነገር ቀርቷል፤ ባንክ ሳይጠቀሙ መኖር ከባድ ነው። ፈቃዴ ከቀረ ቢያንስ ማየቱ ይኑረኝ።

በሰፈራችን ያልተመዘገቡ አንዲት እናት አሉ። 80 ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቻቸው ለምነዋቸዋል፣ እኔም ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አይፈሩም፣ አክራሪም አይደሉም፣ ሳይመዘገቡ ጡረታቸውን መቀበል ሊቸግራቸው እንደሚችልም ያውቃሉ። ሁለተኛ የሄድኩ ጊዜ ቡና አፍልተውልኝ ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «አንተ ልጅ፣ ያንን ነገር ማነው የሚያየው?» አሉኝ። እሳቸው በ1969 ከቤቱ ተጠርቶ ያልተመለሰው የዚያ ጓደኛዬ እናት ናቸው።

አጣርቼ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። መልሳችሁን ይዤ ነው የምሄደው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጉለሌ ነዋሪ