ስንት ጊዜ ተጠቀሰ ብቻ አይበቃም

ስለ አንድ የሬዲዮ አስትሮኖሚ (ከሰማይ አካላት የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ጥናት) ተመራማሪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የሰውየው የሥራ ዘመን የተመዘነው ጥናቶቹ በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ በመቁጠር ነው። በዚህ አልስማማም።

የሬዲዮ አስትሮኖሚ የቡድን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያውን የጥቁር ጉድጓድ (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የጠፈር አካል) ምስል ይፋ ያደረገው ጥናት ከ300 በላይ ደራሲዎች አሉት። ጥናቱ በተጠቀሰ ቁጥር ለሁሉም እኩል አንድ ይቆጠርላቸዋል። ኤች ኢንዴክስ የሚባለው መለኪያም ያው ነው። የአንድ ተመራማሪ ኤች ኢንዴክስ 20 ነው ከተባለ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉ ማለት ነው። ማን ምን እንደሠራ ግን አይናገርም።

ልፋቱም አለ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ጆስሊን ቤል በርኔል በእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች የምትሠራበትን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በእጃቸው ከገነቡት አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1967 በቀን 30 ሜትር ገደማ ከቴሌስኮፑ የሚወጣውን የወረቀት መዝገብ በዓይኗ ስትፈትሽ አንዲት እንግዳ ጭረት አየች። ፐልሳር የሚባለው፣ እየተሽከረከረ በየተወሰነ ጊዜ የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ የተገኘው በዚያች ጭረት ነው። እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ግን ለአማካሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ተሰጠ። እሷ ቀረች። እኔን እስካሁን ይከነክነኛል። ያን ሁሉ ትዕግሥት የትኛው ቁጥር ይይዘዋል?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ከቁጥሩ ጎን የደራሲዎቹን ብዛትና የተመራማሪውን የራሱን ድርሻ አስፍሩ። የጠፈር ምልከታ ማዕከሉ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ከመሀል አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። ጋዜጠኛ ልካችሁ እዚያ ያሉትን ተመራማሪዎች «በዚህ ጥናት የእርስዎ ሥራ የትኛው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ