ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያረግዙ የደሴ እናቶች ትምህርት ይጀመርልን

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ደሴ

ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ ዓለይኩም።

የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። በከተማችን ጤና ጣቢያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ላረገዙ ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን ቋሚ ትምህርት ይሰጥልን። የእርግዝና ክትትሉ አለ፤ ያውም በነጻ። ለእሱ እናመሰግናለን። የጎደለው ማስተማሩ ነው።

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። የልጆች እናት ነኝ። በሰፈራችን አዲስ ያገባች ልጅ ስታረግዝ፣ እናቷ ሩቅ ከሆነች፣ ጤና ጣቢያ ይዣት የምሄደው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። ስለዚህ አግዳሚው ወንበር ላይ የሚወራውን እሰማለሁ። ሴቶቹ ገና ጉሙ ሳይገፈፍ ይመጣሉ። ተራ እስኪደርሳቸው ረፋዱ ያልፋል። ሲገቡ ግፊት ይለካል፣ ክብደት ይታያል፣ ሆድ ይዳሰሳል፣ የልጁ የልብ ምት ይደመጣል። ከዚያ "ደህና ነሽ፣ በቀጠሮሽ ነይ" ተብለው ይወጣሉ። አዋላጅ ነርሷ ክፉ ሆና አይደለም። በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው እያየች ቁጭ ብላ ልታስረዳ አትችልም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በአንዲት ጎረቤቴ ልንገራችሁ። ለደም ማነስ የሚሰጠውን የብረት ክኒን ተቀበለች። "በቀን አንድ ዋጪ" ተባለች፤ በቃ። እሷም ከምሳ በኋላ በወፍራም ሻይ ትውጠው ጀመር። ሻይና ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚያግዱት ማን ነግሯት? ትንሽ ቆይቶ ሰገራዋ ጠቆረ። ደነገጠች። ለባሏም ለእኔም ሳትናገር ክኒኑን በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር ደበቀችው። ያገኘሁት ልብስ ሳጣጥፍላት ነው። "ለምን አልጠየቅሽም?" ስላት "እንዴት ብዬ ይህን አወራለሁ፣ አፈርኩ እኮ" አለችኝ። ብረት ለሚወስድ ሰው ሰገራ መጥቆር የተለመደና የማያሰጋ ነገር ነው። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ግን የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ምን ብላ እንደምትጠይቅም አታውቅም። ሁለተኛና ሦስተኛ የወለደችው ከራሷ ታውቀዋለች። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ለብቻቸው ይታዩ የምለው።

ምጥ ላይ ነገሩ ይብሳል። አንዷ ወገቧን ያዝ ለቀቅ ሲያደርጋት በሌሊት ባጃጅ ተለምኖ ትወሰዳለች። "ገና ነሽ፣ የማህጸን በርሽ የተከፈተው 2 ሳንቲሜትር ነው" ተብላ ትመለሳለች። ያን ዳገት ወጥታ ወርዳ ዳግመኛ መሄድ ያሳፍራታል፤ እውነተኛው ምጥ ሲመጣ ጥርሷን ነክሳ ትቆያለች። ሌላዋ ደግሞ የእንሽርት ውሃዋ ፈሶ፣ ቁርጠት ስለሌላት ብቻ ቤቷ ታድራለች። ሁለቱንም በዐይኔ አይቻለሁ። አላህ ይመስገን፣ ሁለቱም በሰላም ተገላገሉ።

የመጀመሪያ ምጥ ረጅም ነው። የማህጸን በር 5 ሳንቲሜትር ከተከፈተ በኋላ እንኳን ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት 12 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በፊት ያለው ያዝ ለቀቅ ደግሞ ከሴት ሴት ይለያያል። ይህን አስቀድማ የሰማች ሴት ሰዓቱ ሲረዝም የምትሞት አይመስላትም። ውሃው ከፈሰሰ ግን ቁርጠት ኖረም አልኖረም መሄድ አለባት። ደም ካየች፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ራሷን ክፉኛ ካመማት፣ ዐይኗ ብዥ ካለባት፣ ፊቷና እጇ በድንገት ካበጠ፣ መንጋቱንም ቀጠሮውንም መጠበቅ የለባትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በእኛ አገር ነፍሰ ጡር ራሷን ስታ ስትንቀጠቀጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ልክፍት ነው። ጸበል ይሮጣል፣ ወይ ሼህ ይጠራል። እኔ ዱዓውንም ጸበሉንም አልነቅፍም፤ ወሎ ተወልጄ እንዴት እነቅፋለሁ። ነገር ግን ይህ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ፣ እናትንም ልጅንም የሚገድል በሽታ ነው። ሆስፒታል መድኃኒት አለው። ዱዓው መንገድ ላይም ይደረሳል። ይህን ለባልና ለአማት ከወዲሁ የሚነግር ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት የምትወስነው እሷ አይደለችም።

አማትን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰባት ወር የገባችን ልጅ "ወተት አትጠጪ፣ ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል" የሚሏት ቤት ያሉት ናቸው። ሕፃን ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ቆዳውን የሚጠብቅለት እንጂ እናቱ የጠጣችው ወተት አይደለም። እንገሩን አልባችሁ ድፉት፣ ቅቤ አልሱት የሚሉም አሁንም አሉ። እንገሩ ለልጁ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው፤ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት። እስከ 6 ወር ደግሞ ከእናት ጡት ሌላ ውሃም አያስፈልገውም። ጫቱንም ደፍሮ የሚያነሳ ይኑር፤ ነፍሰ ጡር ሆና በርጫው ላይ የምትቀመጥ ሴት እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን።

ገጠር ላሉ ነፍሰ ጡሮች በቀበሌ ደረጃ የሚካሄድ የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና አዋላጅ ነርሷ ባሉበት ቡና ተፈልቶ ይመከራል። ከተማ ያለችው ግን ሐኪም ቤት ቅርቧ ነው ተብሎ ነው መሰለኝ ብቻዋን ተትታለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም 12 ሳምንት ሳያልፋት እንዲሆን መክሯል። አገራችንም ይህንኑ ተቀብላለች። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንዴ ታይተዋል፤ 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት ግን 43 ብቻ ናቸው። መንገዱን አውቀው፣ በሩን ረግጠው፣ ከዚያ የቀሩ ብዙ ናቸው ማለት ነው። ተመልሰው የሚያገኙት ያው ልኬት ብቻ ከመሰላቸው ግማሽ ቀን ሥራ ትተው ለምን ይመጣሉ?

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የጤና ተቋሞቻችን ዕቃ መዘረፉን የማያውቅ የለም። አልትራሳውንድ ግዙ ብል ገንዘብ የለም ልትሉኝ ትችላላችሁ። ይህ ግን የሚፈልገው አንድ ክፍል፣ ወንበርና አንዲት የምታስተምር አዋላጅ ነርስ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲና ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ እዚሁ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው በአስተማሪ እየታገዙ ሊያግዙ ይችላሉ።

ቀኑ ሲመረጥ ሰኞ ገበያ፣ ዓርብ ጁምዓ መሆኑ ይታሰብ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሰዓት ይሻላል። ባል ወይም አማት አብረው ይግቡ፤ በር ላይ አይመለሱ። ከመውለጃዋ በፊትም ልጅቷ ማዋለጃ ክፍሉን ገብታ ትየው። አልጋውን፣ መጸዳጃውን፣ ማን ከጎኗ እንደሚቆም ትወቅ። ጾሙም ይነሳ፤ በረመዳንም በዐቢይ ጾምም ክኒኗንና ምግቧን እንዴት እንደምታደርግ ከሐኪሟም ከሃይማኖት አባቷም ጋር እንድትመካከር ይነገራት። ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፖስተር አትስቀሉልን። በምናወራበት ቋንቋ፣ መጠየቅ በሚቻልበት መንገድ ይሁን።

በአንድ ጤና ጣቢያ ብትጀምሩት ይበቃል፤ ሮቢትም ይሁን ቧንቧ ውሃ፣ የመረጣችሁት ሰፈር። ወንበር ካነሰ ከዕድራችን እናውሳለን። ቡናውን እኔና ጎረቤቶቼ እናፈላለን። ቀኑንና ሰዓቱን ወስናችሁ በየጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን፤ ሴቶቹን ቤት ለቤት ዞረን የምንጠራው እኛ ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የደሴ እናት