የመረጥነውና ሳናውቅ የጣልነው

ልጄ፣

ጓደኞችህ “የሰው እጅ የገባበት ምግብ ሁሉ ተበላሽቷል” እያሉ እንደሚሞግቱህ፣ አንተም ዘር ማሻሻል ልማር ብለህ ከተመዘገብክ በኋላ ልብህ ሁለት እንደሆነ የጻፍክልኝን አነበብኩ። በስልክ እናወራዋለን ብዬህ ነበር፤ ግን በስልክ የሚያልቅ አልመሰለኝም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጬልሃለሁ፤ በመማሪያ መጻሕፍትህም የምታገኛቸው እንደዚያው ነው።

ለጓደኞችህ መጀመሪያ ይህን ንገራቸው፦ የሰው እጅ ያልገባበት እህል በልተው አያውቁም። የዱር ስንዴ ሲደርስ ዛላው በየአንጓው ይሰበርና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ለተክሉ መርገፉ ሕይወቱ ነው፤ ራሱን የሚዘራው በዚያ ነው። ለአጫጁ ግን መርገፍ ማለት ባዶ እጅ መመለስ ነው። ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ስንዴ ይሰበስቡ የነበሩ ሰዎች ቤታቸው የሚደርሰው ሳይረግፍ የቀረው ነበር፤ ለዘር የሚያስቀሩትም ከዚያው ላይ ነው። ይህ በብዙ ትውልድ ሲደጋገም የማይረግፍ ስንዴ ወጣ። ዘሩን ራሱ መበተን የማይችል፣ ሰው ካልወቃውና ካልዘራው የሚጠፋ ተክል ሆነ። ይህን አስቦ ያቀደ ሰው አልነበረም።

በቆሎማ ይብሳል። የዱር ዘመዱ ቴኦሲንቴ ይባላል፤ በደቡብ ሜክሲኮ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ ዛሬም ይበቅላል። የሚይዘው ከ5 እስከ 12 የሚደርሱ ፍሬዎች ብቻ ነው፤ እያንዳንዷም ፍሬ ጥርስ በሚሰብር ቅርፊት ተሸፍናለች። ይህንን ወደምናውቀው በቆሎ ያመጣው የ9,000 ዓመት ምርጫ ነው። ልዩነቱ ከመብዛቱ የተነሳ፣ ቴኦሲንቴ በእርግጥ የበቆሎ ቅድመ አያት ነው ወይ በሚለው ላይ ሳይንቲስቶች ለረጅም ዘመን ተከራክረዋል። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊም ከአንድ የዱር ተክል የወጡ ናቸው፤ አንዱ ለቅጠሉ፣ ሌላው ለአበባው ሲመረጥ ኖሮ።

ስለዚህ ጓደኞችህ በተፈጥሮና በሰው ሥራ መካከል የሚያሰምሩት ድንበር እነሱ ያሉበት ቦታ ላይ የለም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የተመረጠው ለምን ተብሎ ነው? አብሮትስ ምን መጣ፣ ምንስ ሄደ? አንዱን ክር ሲስቡት ሌላው ተከትሎ እንደሚመዘዝ፣ አንድ ጠባይ ሲመረጥም ማንም ያልጠየቀው ነገር አብሮ ይመጣል፤ ማንም ጣሉት ያላለውም ይጣላል።

የቲማቲምን ነገር ልንገርህ። የነባሩ ቲማቲም ፍሬ ሳይበስል ትከሻው ላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ለአምራች ይህ አይመችም፤ ፍሬው እኩል አይቀላም፣ መቼ መለቀም እንዳለበትም ያሳስታል። ስለዚህ አሻሻዮች ለ70 ዓመታት ያህል ከላይ እስከ ታች ወጥ የሆነ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ያለውን እየመረጡ አራቡ። በ2012 ተመራማሪዎች ከዚያ ጠባይ በስተጀርባ ያለውን ዘረመል ለይተው አወጡ። ትከሻውን የሚያጠቁረው ዘረመል፣ ፍሬው ውስጥ ክሎሮፕላስት፣ ማለትም በፀሐይ ብርሃን ስኳር የሚሠራው አረንጓዴ የሕዋስ ክፍል፣ እንዲጎለብት የሚያደርገው ራሱ ነበር፤ ፍሬው ከሚጣፍጥበት ስኳር ከፊሉን በራሱ የሚሠራው ደግሞ በክሎሮፕላስቱ ነው። ወጥ መልክ እየመረጥን የኖርነው ያ ዘረመል የተበላሸበትን ተክል ነው። ጣዕሙ ይቀንስ ብሎ የወሰነ አንድም ሰው የለም። ጣዕሙን የለካውም አልነበረም። ባዮሎጂ ሳስተምር ክፍሉን ጸጥ የሚያደርግልኝ ይህ ታሪክ ነበር።

ነገሩ እንስሳት ላይ ሲደርስ ግን ይከብደኛል። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1957 እና የ2005 የሥጋ ዶሮ ዝርያዎችን አንድ ዓይነት መኖ እየሰጡ ጎን ለጎን አሳድገው ውጤቱን በ2014 አሳተሙ። በ56ኛው ቀን የ1957ቱ 905 ግራም፣ የ2005ቱ 4,202 ግራም መዘነ። ብዙ ሰው ሆርሞን ተወግቶ ነው ይላል፤ እዚህ ግን መኖውም አያያዙም አንድ ነው፣ ልዩነቱን ያመጣው ምርጫ ነው። ጥቅሙን አልክድም። በትንሽ መኖ ብዙ ሥጋ ማለት ለመኖ የሚታረሰው መሬት አነሰ ማለት ነው፤ ሥጋ ብርቅ የነበረበት ስንቱ ቤትም በዚህ ሥጋ ቀምሷል። ነገር ግን የደረቱ ሥጋ ሲፈጥን እግሩና ልቡ እኩል አልፈጠኑም። እግሩ ሰውነቱን መሸከም የሚያቅተው፣ ልቡ በድንገት የሚቆምበት ዶሮ የዚህ እርባታ የታወቀ ችግር ነው። እንቁላል ጣይዋም እንዲሁ ናት። የዱር ዘመዷ በዓመት ከ10 እስከ 15 እንቁላል ስትጥል እሷ 300 ያህል ትጥላለች፤ ለቅርፊቱ የሚሆነውን ካልሲየም ከራሷ አጥንት ጭምር እያወጣች። የደረት አጥንቷ ይሰበራል። አንተ የመረጥከው ዕፅዋትን ቢሆንም ይህን እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ ስንዴ አያመውም፣ ዶሮ ግን ያማታል። የእንስሳ ዘር የሚያሻሽል ሰው ሕመሙንም ከክብደቱ እኩል መለካት አለበት ባይ ነኝ፤ በዚህ ላይ ማንም አይመልሰኝም።

የአንድ ኮርማ ታሪክም አለ። አርሊንዳ ቺፍ ይባላል፤ በ1962 አሜሪካ ውስጥ የተወለደ፣ ሆልስታይን የሚባለው የወተት ከብት ዝርያ ኮርማ ነው። ልጆቹ ወተት የሚያወርዱ ስለሆኑ ዘሩ በሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ ተሠራጭቶ ከ16,000 በላይ ሴት ልጆች ወለደ። ቺፍ ግን አንዱ ዘረመሉ ላይ ጉድለት ነበረበት። ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰች ላም ጤነኛ ናት፤ ከእናትም ከአባትም ሲገናኝ ግን ፅንሱ ይጨናገፋል። ይህ የታወቀው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ 500,000 ያህል ፅንሶች በዚሁ ምክንያት እንደጠፉ ተገምቷል። ይህን የገመቱት ተመራማሪዎች ኮርማው በወተት ያስገኘው ትርፍ ከጉዳቱ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥም አስልተዋል፤ ይህንንም አትዝለለው። እኔን የሚያስጨንቀኝ አንድ ኮርማ ዝርያውን ይህን ያህል ሲሞላው፣ ከወተቱ ጋር ጉድለቱም በየበረቱ መግባቱ ነው።

በማሳ ላይ የዚህ ወንድም የሆነው በ1970 በአሜሪካ በቆሎ ላይ የደረሰው ነው። ዲቃላ የበቆሎ ዘር ሲመረት፣ እናት የሚሆነው ተክል ራሱን በራሱ እንዳያዳቅል ጫፉ ላይ ያለው ወንዴ አበባ በእጅ ይነቀላል። እጅግ ብዙ ጉልበት ይበላል። ታዲያ ወንዴ አበባው ብናኝ የማያወጣ፣ መንቀል የማያስፈልገው በቆሎ ቴክሳስ ውስጥ ተገኘ። ዘር አምራቾች ተረባረቡበት። በ1970 ከአገሪቱ በቆሎ 85 በመቶ ያህሉ ይህን ጠባይ ተሸክሞ ነበር። ጠባዩን የሚሰጠው ለሕዋስ ኃይል በሚያመነጨው ክፍል፣ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ ዘረመል ነው፤ ያው ዘረመል ተክሉን ለአንድ የቅጠል ፈንገስ መርዝ አሳልፎ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ፈንገሱ ከደቡብ ተነስቶ ወደ ሰሜን ወጣ፤ በዚያ ዓመት 15 በመቶ ያህል ምርት ጠፋ። ልብ በልልኝ፣ እነዚያ ማሳዎች ላይ የነበሩት የበቆሎ ዓይነቶች ስማቸው ብዙ ነበር። ገበሬው የተለያየ ዘር የዘራ መስሎታል፤ አንዱን ነገር ግን ሁሉም ተጋርተውታል። አሜሪካ ጎተራዋ ሙሉ ስለነበረ አልተራበችም። በአየርላንድ ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ ሲመታው ግን አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። የደሃው ሕዝብ ምግብ በአብዛኛው አንድ የድንች ዓይነት ነበር፤ ድንችም ከድንች ተቆርጦ ስለሚተከል ማሳው ሁሉ ያው አንድ ተክል ነበር ማለት ይቻላል። የገዢዎቹ ፖሊሲ ረሃቡን አባሰው እንጂ በሽታውን አላመጣውም። ሙዝም በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ካቨንዲሽ የቀድሞውን ግሮ ሚሼልን የተካው፣ ያንን የፓናማ በሽታ ስለጨረሰው ነው። አሁን ደግሞ አዲስ የፓናማ በሽታ ዓይነት ካቨንዲሽን ራሱን ይገድላል፤ በ2019 ኮሎምቢያ መግባቱ ተረጋግጧል።

ይህን ሁሉ አንብበህ ጓደኞችህ ልክ ናቸው እንዳትለኝ። የድሮው ዘር ብቻውን ዛሬ ያለውን ሕዝብ አያበላም። ረጅም ስንዴ ማዳበሪያ ሲያገኝ ዛላው ይከብደውና ይጋደማል። አሜሪካዊው የዘር አሻሻይ ኖርማን ቦርላግ ሜክሲኮ ውስጥ ከጃፓን ከመጣ አጭር ስንዴ ጋር እያዳቀለ፣ ማዳበሪያ የሚችልና የማይወድቅ ስንዴ አወጣ። በ1965 12 ሚሊዮን ቶን ግድም የነበረው የህንድ ስንዴ በ1970 20 ሚሊዮን ቶን ደረሰ፤ ቦርላግም በዚያው ዓመት የሰላም ኖቤል ተሸለመ። ይገባዋል። በረሃብ አፋፍ ላይ ለነበረች እናት ስለ ዛላው እንጂ ስለ ሌላው መጠየቅ ቅንጦት ነው። ጥያቄው ግን አልቀረም። እንግሊዝ አገር ሮዛምስቴድ በሚባል ጣቢያ ከ1843 ጀምሮ በአንድ ማሳ ላይ ስንዴ ይዘራል፣ ናሙናውም ይቀመጣል። ናሙናው ሲመረመር የፍሬው ዚንክና ብረት ከመቶ ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቶ፣ አጫጭሮቹ ስንዴዎች ከገቡበት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ቀንሷል። አፈሩ አልደኸየም፤ ለውጡ ከዘሩ ጋር የመጣ ነው። ማዳበሪያውም ቢሆን ከማሳው ላይ አይቀርም፤ ከሚሲሲፒ ወንዝ ተፋሰስ የሚታጠበው ናይትሮጅን የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በየበጋው ኦክስጅን ያጣ ሰፊ ውኃ ይፈጥራል።

ስለ ልውጠ ህያዋን፣ ዘረመላቸው በላቦራቶሪ ስለተለወጠ ተክሎች ማለት ነው፣ የጠየቅከኝን በአጭሩ ልመልስ። መሣሪያውን ከሥራው ለይተህ እየው። በሃዋይ በቫይረስ ሊጠፋ የነበረውን ፓፓያ ከ1998 ጀምሮ ያተረፈው ዘረመሉ የተለወጠ ፓፓያ ነው። አረም ማጥፊያ የሚችለው አኩሪ አተር ደግሞ በ1996 ከወጣ በኋላ ያው አንድ ኬሚካል በሰፊ መሬት ላይ በየዓመቱ ተረጨና፣ የማይሞቱ አረሞች በዙ። ሁለቱም የላቦራቶሪ ሥራ ናቸው። አንዱ ለአንድ በሽታ መልስ ሰጠ፤ ሌላው ገበሬውን ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ላይ አንጠለጠለው።

ልብህን እንድትሰጠው የምፈልገው ወደ ዘር ጥበቃው ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በአምስት አህጉር እየዞረ የሰበሰበው ዘር ሌኒንግራድ ተቀምጦ ነበር። እሱ በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ሌኒንግራድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር በተከበበችባቸው ዓመታት ባልደረቦቹ ሩዙንና ስንዴውን እየጠበቁ በረሃብ ሞቱ፤ ዘሩን አልበሉትም። ያን ጊዜ ያ ዘር ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም ነበር። በህንድ ኦዲሻ ይዘራ የነበረን፣ ምርቱ ዝቅተኛ የሆነ አንድ ነባር ሩዝ አስብ፤ በዘር ባንክ ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት ያህል ጎርፍ ውስጥ ተዘፍቆ እንደማይሞት ታወቀ፤ ጠባዩን የሚሰጠው ዘረመል በ2006 ተለየ። ከዚያም ስዋርና ወደሚባለው፣ ገበሬው ወደሚወደው ሩዝ በማዳቀል ተሻገረ፤ የስዋርና ምርትም ሆነ አበሳሰል ሳይነካ። በ2009 ህንድ ውስጥ ለገበሬ ተለቀቀ። ጎርፍ የሚበረታበትን መሬት የሚያርሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድሃው ነው። ያንን ሩዝ ምርቱ አነስተኛ ነው ብለው ጥለውት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የለም።

ትምህርትህ ሲጀምር የመስክ ሙከራ ማሳ ላይ ትወጣላችሁ፤ እዚያ የምትሞሉት ቅጽ ይኖራል። ቁመት፣ የደረሰበት ቀን፣ የፍሬ ክብደት፣ የበሽታ ነጥብ የሚሉት ዓምዶች እንደሚኖሩ እገምታለሁ። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ጣዕም፣ ዚንክ፣ ለከብት የሚሆነው ገለባ የሚሉት ካልኖሩበት መምህርህን በትሕትና ጠይቃቸውና የሚሉህን ጻፍልኝ። ምናልባት ለመለካት ውድ ስለሆነ ይሆናል፤ ያም ከሆነ በርካሽ የሚለካበትን መንገድ መፈለግ ለመመረቂያ ጽሑፍህ ጥሩ ርዕስ ይመስለኛል።

እናትህ