ጫማው አልጠበበሽም ነበር

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ አሁንም ጠዋት ጠዋት ክፍልሽን ከፍታ ታያለች። ትልቁ ደግሞ ሙዚየም ውስጥ የድንቅነሽን ቅጂ ስታዪ «አንቺም እዚህ ነሽ?» ያልሽውን ለጓደኞቹ ሁሉ አውርቶ ጨረሰ። የዊተን ባቡር ጣቢያውንም ኤስካሌተር አልረሳውም። 70 ሜትር ሙሉ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ እጄን ጨብጠሽ፣ «በስመ አብ» እያልሽ ወረድሽ።

ልጽፍልሽ የተነሳሁት ግን እዚህ ዋሽንግተን ስላለው የሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ነው።

ያን ቀን መጀመሪያ የዋሽንግተን ሐውልት ሥር ቆመን ነበር። ቀና ብለሽ አይተሽ «አክሱምን ይመስላል» አልሽ። 169 ሜትር ነው ስልሽ «የኛው ግን አንድ ወጥ ድንጋይ ነው» ብለሽ ኮራሽ። ቀለሙ ከታችና ከላይ ለምን እንደተለያየ ጠየቅሽኝ። ገንዘብ አልቆባቸው ሥራው ከ20 ዓመት በላይ ቆመ፣ ሲቀጥሉ ድንጋዩ ከሌላ ቦታ መጣ አልኩሽ። «እንደ አባትሽ ሰርቪስ ቤት» አልሽና ሳቅሽ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን።

ከውሃው ዳር እስከ ሊንከን 87 ደረጃ ነው። መሃል ላይ ቆምሽ። ነጠላሽን ደረትሽ ላይ ጨብጠሽ «ጫማው ጠቦኝ ነው» አልሽኝ። እማዬ፣ ጫማው የኔ ነው። እንዳይወልቅብሽ ሁለት ካልሲ ደርበሽ ነው ያደረግሽው።

ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው።

የአባዬን መርዶ የሰማሁት ከአርባው በኋላ ነው። ቅዳሜ በማለዳ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሰዎቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ቆመዋል። እስከዚያ ድረስ በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ትይኝ ነበር። ለፋሲካ ብዬ ሸሚዝ ላኩለት። ልክ ሆነው ወይ ስልሽ «አምሮበታል» አልሽኝ።

ፈተና ስለነበረብኝ መሆኑን አውቃለሁ። ለኔ አዝነሽ መሆኑንም አውቃለሁ። ብቻሽን ስታለቅሺ ቆይተሽ፣ ስልኩ ሲጠራ እንባሽን ጠርገሽ ማንሳትሽን ሳስበው ሆዴ ይባባል። ግን ከውስጤ አልወጣልኝም። እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም እንጂ ተቀይሜሻለሁ።

ይኸው አሁን «ደህና ነኝ» ስትዪኝ ማመን አቃተኝ። እህቴም ያንቺኑ ቃል ነው የምትደግምልኝ።

ሻንጣሽ ውስጥ ከፎጣው ሥር የደም ግፊት መለኪያ አለ። ካርቶኑ እንዳልተከፈተ ሰምቻለሁ። ባትሪ አብሮት አለ። ኪኒንሽ ሊያልቅ ሲል ቀድመሽ ንገሪኝ፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ።

ቅዳሜ በናንተ ማታ 2 ሰዓት በቪዲዮ እደውላለሁ። መለኪያውን ክንድሽ ላይ አስረሽ ጠብቂኝ። ቁጥሩን አንቺ አታንብቢልኝ። ወደ ካሜራው አዙሪልኝና እኔ ላንብበው።

ልጅሽ