ሬንጅፋይንደር ከመግዛታችሁ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የድሮ የፊልም ካሜራ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው የውጪውን ውበት ነው። ሬንጅፋይንደር (ከሌንሱ በተለየ መመልከቻ እያዩ ርቀት የሚለኩበት ካሜራ) ውስጡ ካልታየ ያሳዝናል።

መጀመሪያ ርቀት መለኪያው ይፈተሽ። ሌንሱን የመጨረሻው ርቀት ላይ አድርጋችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ ምሰሶ ተመልከቱ። መሀል ባለችው ፈዛዛ አራት ማዕዘን ውስጥ ምሰሶው ሁለት ሆኖ ከታየ መለኪያው ተዛንፏል፤ በሰፊ የሌንስ ቀዳዳ የሚነሳው ፎቶ ይደበዝዛል።

መጋረጃው (ብርሃን ወደ ፊልሙ እንዲገባ የሚከፈተው መዝጊያ) ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። እንደ ላይካ ኤም3 (1954 እ.ኤ.አ.)፣ ፌድና ዞርኪ ያሉት ካሜራዎች መዝጊያቸው ጨርቅ ስለሆነ ፀሐይ ጠላታቸው ነው። ያለ ክዳን ወደ ፀሐይ የዞረ ሌንስ ጨረሩን ሰብስቦ ጨርቁን ይበሳዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙንና ሌንሱን አውጡ፤ ከፊት የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ከኋላ እዩ። እንደ ኮከብ ብልጭ የምትል ነጥብ ካለች ተበስቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሌንሱን ክደኑ፤ ስታነሱ ደግሞ መክፈት አትርሱ፤ መመልከቻው በሌንሱ በኩል ስለማያሳይ ክዳኑ እንዳለ የፊልሙን ጥቅል ሙሉ መጨረስ ይቻላል።

ዞርኪ 4 ላይ የመዝጊያ ፍጥነት የሚቀየረው መዝጊያው ከተወጠረ (ለማንሳት ከተዘጋጀ) በኋላ ብቻ ነው፤ አለዚያ ውስጡ ይጎዳል። ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ በተሠራ ካኖኔት (የካኖን ሬንጅፋይንደር) ላይ የ1.5 ቮልት ባትሪ ከገባ የብርሃን መለኪያው ብርሃኑን አብዝቶ ያነባል፤ ፎቶውም ይጨልማል።

ሥራ የፈታ ካሜራ ቅባቱ ይደርቃል፤ በቅድሚያ የሚንቀራፈፉትም ዝግተኛዎቹ ፍጥነቶች ናቸው። በወር አንዴ ያለ ፊልም በሁሉም ፍጥነት ተኩሱት፤ ስታስቀምጡት መዝጊያውን ወጥራችሁ አትተዉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የካሜራ ጠጋኝ