«ስልክ ይጠግናል»

እማዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ለኒካሁ የላክሁትን ገንዘብ ትናንት ከባንክ እንዳወጣችሁት እህቴ ነግራኛለች፤ አልሐምዱሊላህ። ያስጻፈኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። እህቴን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች «ልጅሽ ውጭ አገር ምን ይሠራል?» ሲሉሽ «ስልክ ይጠግናል» አልሻቸው አሉ። ስሰማው ሳቅሁ፤ ሌሊት ግን ከነከነኝ።

ልጅ ሳለሁ ፒያሳ ሱቅ ስትልኪኝ በሩ ላይ አስቁመሽ «ምን አልሁህ?» ትይኝ ነበር። «ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና» ብዬ ካልደገምሁልሽ አትለቂኝም። የእኔም ሥራ ይኸው ነው፤ መልእክት መንገድ ላይ እንዳይበላሽ ምን ያህል ትርፍ አብሮ ይላክ? ሃሚንግ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1950 ባሳተመው ዘዴ በአራት ምልክት (አንድ ወይም ዜሮ) ላይ ሦስት ይጨመራል፤ ከሰባቱ አንዱ ቢሳሳት ተቀባዩ ላኪውን ሳይጠይቅ ራሱ ያርመዋል። ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ስማር ይህን የሰማሁ ዕለት፣ ሚኒባሱ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ እስኪገባ አንድና ዜሮ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቀመርና ኮምፒውተር ነው። ክፍሌ ይሞቃል፤ ወደ ጠባቧ የተዛወርሁት ለሥራ ስለምትቀርብ ነው።

«ተምሮ የተመለሰ ማን አለ?» ላልሽው፣ አንድ ቱርካዊ አለ፤ ኤርዳል አሪካን። ሻነን የሚባለው ሊቅ በ1948 በአንድ መስመር ያለ ስሕተት ሊላክ የሚችለውን መጠን ወሰን አበጀለት፤ የሚደረስበትን መንገድ ግን ለሌሎች ተወው። አሪካን አሜሪካ ዶክትሬቱን ጨርሶ በ1987 አንካራ ገባ፤ እያስተማረ ሲያሰላስል ኖሮ በ2009 ወደዚያ ወሰን የሚያደርስ ፖላር ኮድ የሚባል ዘዴ ይዞ ብቅ አለ። ዛሬ አምስተኛው ትውልድ የሞባይል መረብ ይጠቀምበታል። «ታዲያ እሱ አገሩ ሆኖ አይደል?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። መልስ የለኝም።

በእኛ 2014 ደሴ ስልክ ሲቋረጥ፣ መልእክት እንዴት እንደሚደርስ ተማርሁ የሚለው ልጅሽ በሕይወት መኖርሽን የሚጠይቅበት አጣ። የተቆረጠን መስመር የትኛውም ኮድ አይቀጥለውም። ያን ጊዜ ለማንም አላወራሁም።

የደም ግፊት መድኃኒትሽን ተሻለኝ ብለሽ አታቋርጪ። እህቴ ኮምቦልቻ ስትገባ ማን እንደሚያስታውስሽ እያሰብሁ ነው። (አንቺ ደብዳቤውን የምታነቢላት፣ ይህችን እንዳትዘያት።)

ሽማግሌዎቹን ተያቸው፤ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። የኒካሁ ዕለት ብቻ ደውሉልኝና ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጡት። ድምፁ ቢቆራረጥም አትዝጉት።