ለኢንዶሜትሪዮሲስ ምርምር ቅድሚያውን ማን ይምረጥ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ምርምር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ ነው። ጽሑፋችሁ ግን የታማሚ ድምፅ የለበትም። እኔ በሽታው አለብኝ። የወር አበባዬ ሲመጣ ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ ጭኔ ድረስ ይወርዳል፤ ቀጥ ብዬ መቆም ያቅተኛል። «ስትወልጂ ይተውሻል» ተብዬ ማስታገሻ ይዤ ተመልሻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያና በአየርላንድ ታማሚዎችና ሐኪሞች አብረው 10 የምርምር ጥያቄዎች መርጠው ነበር። በአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው «ፈውስ ሊገኝለት ይችላል ወይ?» የሚል ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን መጀመሪያ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚለይ ምርመራ ይገኝ። አልትራሳውንድ ትንንሾቹን ቁስሎች ብዙ ጊዜ ይስታቸዋል። «ምንም የለብሽም» ትባያለሽ። ስም ያልወጣለት ሕመም ደግሞ የሕመም ፈቃድ አያሰጥም፤ አለቃን ማን ያስረዳ!

በሽታው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ለምርምሩ ገንዘብ የሚመድቡት ሰዎች ከእነዚህ ሴቶች ጥቂቶቹን ጠርተው ቢያነጋግሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

አንባቢያችሁ